ከቡፌ ላይ የወረደው ላፕቶፕ፦ አሮጌ ኮምፒውተርን በቀላል ሊኑክስ የማስነሳት ዝርዝር መመሪያ

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ቤት፣ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዳንቴል የለበሰ ነገር አለ። ለብዙ ጊዜ የዲሽ ሪሲቨር ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ ቡና ተጠርቼ ስወርድ ዳንቴሉ ለእጥበት ተነስቷል፤ ለካ ላፕቶፕ ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እያለች የተጠቀመችበት ቶሺባ ሳተላይት። «ሞቷል እኮ ልጄ፣ እንዲያው መጣሉ አሳዝኖኝ ነው» አሉኝ እትዬ። ቻርጀሩን ፈልገን ሰካነው። ተነሳ። ዊንዶውስ 7 ዴስክቶፑን እስኪያሳየን ግን አቦሉን ጠጥተን ጨርሰን ቶናው ተቀድቶ ነበር።

የሞተ ኮምፒውተር አይነሳም። ይሄኛው ዘገየ እንጂ ተነስቷል፤ ለመዘግየት ደግሞ መፍትሔ አለው።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያልተቀመጠበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ትናንት ደህና የነበሩትም ወደ ቡፌው መንገድ ጀምረዋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን (የኮምፒውተሩን አንጎል) ነዋ። ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው፣ ብዙ ዓይነት ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ይህን አይጠይቅም። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ክራክ ፍለጋ የለም፣ «አክቲቬተር» ብሎ ቫይረስ ማውረድም የለም።

ሰው ሁሉ «በጣም ቀላሉ ሊኑክስ የትኛው ነው?» ይለኛል። እኔ በዚህ ጥያቄ አልጀምርም። ሲስተሙ ከራሙ (ማሽኑ ሲሠራ ከሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 200 ሜጋ በላ 600 በላ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ የተከፈተበት ብራውዘር ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል። እትዬ ቤት የሚያስፈልገው ማሽኑ የሚችለው፣ እትዬም ሳይጠሩኝ የሚከፍቱት ነው። ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

ማሽኑን መርምሩ

ሦስት ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ራሙ ስንት ነው፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት (አዲሱ ዓይነት) ነው ወይስ 32 (የድሮው)፣ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ነው ወይ።

ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ «ኮምፒውተር» የሚለውን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ በሉ፤ የራሙ መጠንና የፕሮሰሰሩ ስም እዚያ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የሚለው የሚናገረው ስለተጫነው ዊንዶውስ ነው፣ ስለ ማሽኑ አይደለም። 64 ቢት ማሽን ላይ 32 ቢት ዊንዶውስ መጫን ድሮ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም እመኑ። ኮር 2 ዱኦ ከሆነ፣ ወይም ከዚያ በኋላ የመጡት አይ 3 እና አይ 5 ከሆኑ፣ 64 ቢት ነው። «2» የሌለው ኮር ዱኦ፣ ፔንቲየም ኤም፣ ወይም በትንንሾቹ ኔትቡኮች ውስጥ የነበረው አቶም ኤን 270 ከሆነ 32 ቢት ነው።

ሃርድ ዲስኩን ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጡት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ምንም ከመጫናችሁ በፊት ፎቶና ሰነዱን አውጡ። እንዲህ ያለ ዲስክ ዛሬ ሰርቶ ነገ ላይነሳ ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን አቧራውን አራግፉ። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለው መንገድ በበጋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያ ሁሉ አቧራ የላፕቶፑ ፋን ውስጥ አለ። የታፈነ ፕሮሰሰር ሙቀቱን ለመቀነስ ሲል ራሱ ፍጥነቱን ያወርዳል። የኋላ ክዳኑን ፈታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። አየር የምትነፉበት ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፣ በኃይል ከዞረ ይበላሻል። የእትዬ ላፕቶፕ ፋን ውስጥ ያገኘሁት የአቧራ ድርብርብ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የወጣው።

ብር የሚወጣ ከሆነ የት ይውጣ?

ከሊኑክሱ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አሮጌ ኮምፒውተርን ከምንም በላይ የሚቀይረው የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) መተካት ነው። 120 ጊጋ የምትይዘው ትንሿ ትበቃለች። የምትገዙት ባለ 2.5 ኢንች፣ ሳታ የሚባል መሰኪያ ያለውን ነው፤ የድሮውን ብሎን ፈትታችሁ፣ ስባችሁ አውጥታችሁ፣ አዲሱን በዚያው ቦታ ትሰካላችሁ። ሁለተኛው ራም ነው። ከ2 ወደ 4 ጊጋ መሄድ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። መርካቶ ወይም መገናኛ ስትሄዱ ግን የድሮውን ራም ነቅላችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም፤ ከቱሉ ዲምቱ ለመቀየር መመለስ ደግሞ ግማሽ ቀን መብላት ነው።

የትኛውን ሊኑክስ?

64 ቢት ከሆነና 4 ጊጋ ራም ካለው ሊኑክስ ሚንትን በኤክስኤፍሲኢ ገጽታው ጫኑ። ብዙ አታስቡ። ከታች በግራ ሜኑ አለ፣ ከታች በቀኝ ሰዓት አለ፤ ዊንዶውስ የለመደ ሰው አይደናገርም። የሚንት 22 ተከታታይ ቅጂዎች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አላቸው።

2 ጊጋ ብቻ ካለው ሚንት ይነሳል፤ ዝቅተኛው መስፈርቱም ይኸው 2 ጊጋ ነው። ግን ብራውዘር ስትከፍቱ ያቃስታል። ራም መጨመር ካልተቻለ ሉቡንቱን ወይም አንቲኤክስን ሞክሩ። አንቲኤክስ ዴቢያን በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ የተሠራ በጣም ቀላል ሲስተም ነው፤ 23ኛው ቅጂው በ32 ቢትም በ64 ቢትም ወጥቷል። ውበት አትጠብቁበት። ሜኑው ረጅም ነው፣ አዶዎቹ የድሮ ናቸው፤ ግን ይሮጣል።

32 ቢት ማሽን ከሆነ አማራጩ ጠቧል። ዴቢያን ራሱ 13ኛውን ቅጂ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲያወጣ የ32 ቢት መጫኛውን አስቀርቷል። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መሥራት ካቆመ ቆየ፤ ፋየርፎክስም ከ144ኛው ቅጂ በኋላ አቁሟል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ማሽን አንቲኤክስ 23ን ጭናችሁ ለጽሑፍ፣ ለሙዚቃ፣ ለልጆች የኪቦርድ ልምምድ ተጠቀሙበት። የባንክ ሥራ አትሥሩበት።

ሃርድ ዲስኩ የሞተ ከሆነና መግዣ ከሌለ ፐፒ ሊኑክስ አለ። ከፍላሽ ተነስቶ ራሱን ራም ላይ ጭኖ ይሠራል። ሥራችሁን እዚያው ፍላሽ ላይ ያስቀምጥላችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሽኑ ላይ ፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ፣ ወይም ፎቶሾፕና አውቶካድ የሚጠቀም ሰው ካለ ዊንዶውሱን አታጥፉበት። እነዚህ በሊኑክስ እንደ ልብ አይሠሩም። ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ሊኑክሱ የሚጫነው ከፍላሽ ነው፤ 8 ጊጋ ይበቃል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ቪዲዮ ካለበት አሁኑኑ ገልብጡት።

የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ቀን ላይ አታውርዱት፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኙ። ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ ቶረንት በሚባለው የማውረጃ ዘዴ አውርዱት፤ ከተቋረጠበት ይቀጥላል፣ የወረደውንም እየፈተሸ ነው የሚሄደው። በቀጥታ ካወረዳችሁት ግን ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ። እኔ አንዴ ሳላረጋግጥ ጭኜ፣ መሀል ላይ እየቆመ ሙሉ ቅዳሜዬን በልቶብኛል።

ፋይሉን ፍላሹ ላይ የሚጽፈውን ሩፈስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አውርዱ። የምትሠሩበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ከሆነ አዲሱ ሩፈስ አይከፈትላችሁም፤ ለዊንዶውስ 7 የሚሠራው የመጨረሻው ቅጂ 3.22 ነው። ከዚያ፦

1. ፍላሹን ሰኩ፣ ሩፈስን ክፈቱ። ላይኛው ሳጥን ውስጥ የፍላሻችሁን ስምና መጠን እዩ። ሌላ ኤክስተርናል ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት።
2. «ሴሌክት» ብላችሁ ያወረዳችሁትን ፋይል ምረጡ። ከአጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ስትጫኑ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ያወጣል። ሻ 256 የሚለውን ከሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። መጀመሪያውና መጨረሻው ስምንት ስምንት ፊደል ከገጠመ ፋይሉ ደህና ወርዷል።
3. ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት ለተሠሩ ማሽኖች ኤምቢአር (የድሮ ማሽኖች የሚያውቁት የዲስክ አከፋፈል) ምረጡ። የኔ ልምድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።
4. «ስታርት» በሉ። ፕሮግራሙ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በቀረበላችሁ ምርጫ ኦኬ እያላችሁ እለፉ።

ሌላ ኮምፒውተር የሌላችሁ አትጨነቁ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኤችድሮይድ የሚባል አፕ አለ፤ በኦቲጂ ገመድ ፍላሹን ስልኩ ላይ ሰክታችሁ እዚያው መጻፍ ይቻላል።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ይሄ ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ የቡት ሜኑ (ማሽኑ ከየት ይነሳ የሚለውን የሚያስመርጠው) ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9። አሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ መፍቀድ ይጠይቃል። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ።

ሲስተሙ ከፍላሹ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ከፍላሽ ሲነሳ ዘገምተኛ ነው፤ ፍጥነቱን በዚህ አትመዝኑት። የምትፈትሹት ሌላ ነው። ድምፅ ይሰማል? የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል ይጨምራል? ዋይፋይ ያያል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይመለሳል?

ዋይፋይ ካላየ ተስፋ አትቁረጡ። አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የሚባለው ከሆነ ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። «ዶሮዋን ወይስ እንቁላሉን» ሆነ ማለት ነው። መውጫው ስልካችሁ ነው። በቻርጅ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት፣ ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ያየዋል። ከዚያ ሚንት ውስጥ «ድራይቨር ማናጀር» ክፈቱ፣ የቀረበላችሁን ምረጡ፣ ጨረሳችሁ።

መጫን

መጀመሪያ መብራት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መሀል መንገድ መብራት ቢሄድ ያለው ዊንዶውስ ተሰርዟል፣ አዲሱ ደግሞ አልተጠናቀቀም። የእትዬን ስጭን ልክ እንዲህ ሆነ። አሞሌው ከግማሽ አልፎ ሳለ ጭልጥ አለ፤ ፎቁ በሙሉ «ኤጭ!» ሲል ሰማሁ። እትዬ ኩራዝ ይዘው መጥተው «ገደልከው?» አሉኝ። አልገደልኩትም። ፍላሹ ደህና እስከሆነ ድረስ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ግን ድንጋጤው አያስፈልግም። የሚሠራ ባትሪ ከሌለ ታች ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ዩፒኤስ ለአንድ ሰዓት ተዋሱ።

ሰነዱን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዊንዶውሱ 8 ወይም 10 ከሆነ ሺፍት ይዛችሁ «ሻት ዳውን» በሉት፤ ካለዚያ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሊኑክስም ዲስኩን ላይከፍተው ይችላል። ከዚያ በፍላሹ ተነስታችሁ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ አዶ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን፤ ችግር ሲያጋጥማችሁ ኢንተርኔት ላይ መልስ ለመፈለግ ይቀላል። ኪቦርዱንም እንግሊዝኛ አድርጉት፣ አማርኛው በኋላ ይመጣል። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን፣ ከዊንዶውስ ጎን መጫን፣ ወይም በእጅ መከፋፈል። ደካማ ማሽን ላይ ሁለት ሲስተም ማስቀመጥ አልወድም፤ ፒችትሪ ካለ ግን ጎን ለጎኑን ምረጡና ለሊኑክስ ቢያንስ 30 ጊጋ ተዉለት። «ኢንስቶል ናው» ከማለታችሁ በፊት የሚያሳያችሁን የዲስክ መጠን አንብቡ። 250 ጊጋ ላፕቶፕ ይዛችሁ 1 ቴራ የሚል ካያችሁ፣ የወንድማችሁን ኤክስተርናል ልታጠፉ ነው።

የሰዓት ዞኑን ካርታው ላይ አዲስ አበባን ነክታችሁ ምረጡ። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉት። እትዬ የስልክ ቁጥራቸውን ልጠቀም ብለው ነበር፣ አስቀየርኳቸው።

ከተጫነ በኋላ

ሰዓቱን እዩ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ 2008 እ.ኤ.አ. ወይም ሌላ የድሮ ቀን የሚመለስ ከሆነ፣ ውስጥ ያለችው ትንሿ የባዮስ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት፣ እንደ ሳንቲም ክብ። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩ ድረ ገጾቹን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፍትም። ሰው ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላል፤ ያለቀችው ግን ባትሪዋ ናት። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ካሉ ደግሞ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይዛነፋል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዊንዶውስ በአገሩ ሰዓት ስለሚያነቡት ነው። በ6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሐበሻ ሰዓት ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ካደረጋችሁ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ያስተካክላል።

አማርኛ ለመጻፍ ሚንት ውስጥ «ሶፍትዌር ማናጀር» ገብታችሁ አይባስ ኤም 17 ኤን (ibus-m17n) የሚለውን ፈልጋችሁ ጫኑ። «ኢንፑት ሜተድ» በሚለው መሣሪያ ውስጥ አይባስን ምረጡና ወጥታችሁ ግቡ። ከአይባስ ምርጫዎች አማርኛ፣ ከዚያ «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ትቀያይራላችሁ። አጻጻፉ በስልክ እንደለመዳችሁት በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ ነው፤ ትንሹ ቲ ት፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ትንሹ ሲ ች፣ ትልቁ ሲ ጭ ይሆናል።

የድሮ ሰነዶች ላይ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። በዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር) የተጻፈ አማርኛ ሊብረኦፊስ (የሊኑክሱ የወርድ ምትክ) ላይ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ቢበዛ የፊደሉ መልክ ይቀየራል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። የተጻፈበትን ፎንት ከድሮው ዊንዶውስ ላይ ገልብጣችሁ ሊኑክሱ ላይ ጫኑት፣ ይነበባል። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት የፎንት ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ያዙ የምለው ለዚህ ነው።

ብራውዘሩን አቅልሉት። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂንን ጨምሩ፤ ማስታወቂያው ሲቀር ራምም ዳታም ይቆጠባል። ዩቲዩብ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ አዲሶቹ የቪዲዮ ዓይነቶች ናቸው። የድሮ ግራፊክስ በራሱ የሚፈታው ኤች 264 የሚባለውን የድሮ ዓይነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ኤንሃንስድ ኤች 264 ፋይ (enhanced-h264ify) የሚባለው የብራውዘር ተጨማሪ ዩቲዩብን በድሮው ዓይነት እንዲልክ ያስገድደዋል። ጥራቱን 480 ላይ አድርጉት።

ፕሪንተር አብዛኛው ኤችፒ ይሠራል፤ ሌዘርጀት 1102 ከኢንተርኔት አንድ ፕለጊን ያስወርዳል፣ ከዚያ አያስቸግርም።

ሾርትከት ቫይረሱስ? ከኢንተርኔት ቤት የመጣ ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ታዩ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ አይሠራም። እንዲያውም የተደበቁት እውነተኛ ፎልደሮች አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ገልብጣችሁ አውጡና ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። እኛ ብሎክ ላይ ስሜ የወጣው በዚህ ነው።

ማሻሻያውን ዳታችሁን አይታችሁ አድርጉ። የመጀመሪያው ትልቅ ነው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሱት።

የእትዬ ቶሺባ ኤስኤስዲና 4 ጊጋ ራም ገብቶለት አሁን አቦሉ ሳይቀዳ ይነሳል። ውጭ ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩበታል። ዳንቴሉን ግን አልተዉትም። «አቧራ ይገባበታል» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ዳንቴሉ የሚለብሰው ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው፣ በጎኑ ያለችው የአየር ማስወጫ ደግሞ ከግድግዳው አራት ጣት ትራቅ።